አንቲቦዲው ወጣ፣ መከላከያው አልመጣም፦ የቪ710 ጉዳይ እና በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የሚሠራ የናኖ ቅንጣት ክትባት

ከ2007 ማብቂያ እስከ 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ26 አገሮች፣ በ165 የሕክምና ቦታዎች፣ የደረት አጥንታቸው ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ቀጠሮ የያዙ 8,031 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 4,015ቱ ከቀዶ ሕክምናው ከ14 እስከ 60 ቀን ቀደም ብለው ቪ710 የተባለውን የመርክ ኩባንያ ክትባት እንዲወጉ ተመደቡ፤ 60 ማይክሮግራም፣ በአንዲት የ0.5 ሚሊ ሊትር የጡንቻ መርፌ። የቀሩት 4,016 ሰዎች ለማስመሰያ መርፌ ተመደቡ። የሚጠበቀው ክትባቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚመጣ የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ (ከዚህ በኋላ ስታፍ) የደም ኢንፌክሽንና ጥልቅ የደረት አጥንት ቁስል ላይ ጋሻ እንዲሆን ነበር።

በ90 ቀን ክትትል ከተከተቡት 22፣ ካልተከተቡት 27 ሰዎች ታመሙ። በስታቲስቲክስ ሚዛን ይህ ልዩነት አይባልም። የከፋው ግን ሌላ ነው። በስታፍ ከተያዙት መካከል የሞት መጠን በ100 ሰው-ዓመት (100 ሰው ለአንድ ዓመት ቢከታተል እንደማለት) ሲሰላ ከተከተቡት ወገን 23.0፣ ካልተከተቡት ወገን 4.2 ሆኖ ተገኘ። ገለልተኛው የመረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ከሁለተኛው የመሃል ግምገማ በኋላ ጥናቱ እንዲቆም መከረ፤ ቆመም። ውጤቱ በ2013 ታተመ።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚስተው ነገር አለ። ቪ710 አንቲቦዲ ሳያስወጣ ቀርቶ አይደለም የወደቀው። ዒላማው አይኤስዲቢ የሚባል፣ ባክቴሪያው ከሄሞግሎቢን ብረት የሚነጥቅበት የላይኛው ገጽ ፕሮቲን ነው። በአይጥ ላይ ተከላክሏል፤ በሰውም ደም ውስጥ የአይኤስዲቢ አንቲቦዲ በአንድ መርፌ ብቻ በደንብ ጨምሯል። በኤላይዛ (አንቲቦዲ በቀለም በሚለካበት ምርመራ) ሳህን ላይ የታየው ቀለም ሁሉ ያማረ ነበር። የአልጋው ላይ ውጤት ግን ያ ነው።

ለምን? ሁለት መልሶች ኋላ መጥተዋል፤ ሁለቱም ለቅንጣት ሠሪ፣ ማለትም ክትባቱን በደቃቅ የፖሊመር ቅንጣት ውስጥ ጭኖ ለሚሠራ፣ ትልቅ ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያው በ2014 የወጣው የናሙና ትንተና ነው። ከመከተባቸው በፊት በደማቸው ኢንተርሉኪን 2 (ቲ ሴል የተባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚያወጡት መልእክተኛ ፕሮቲን) ሊለካ ያልቻለ፣ ክትባቱን የወሰዱና ኋላ በስታፍ የተያዙ 12 ሰዎች ነበሩ፤ 12ቱም ሞቱ። አንቲቦዲው ለብቻው ሲቆም፣ የቲ ሴል ድጋፍ ሲያጣ፣ ነገሩ ወደ ጉዳት ሊዞር እንደሚችል ይጠቁማል። ሁለተኛው የ2022 የአይጥ ሥራ ነው፦ አስቀድመው ስታፍ የነካቸው አይጦች ሲከተቡ አይኤስዲቢ አይጠብቃቸውም፤ ምንም ያልነካቸውን ግን ይጠብቃል። የድሮው ኢንፌክሽን የማይከላከል የአንቲቦዲ ትዝታ ትቶ ስለሚያልፍ ክትባቱ የሚቀሰቅሰው ያንኑ ነው። ሰው ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከስታፍ ጋር ይኖራል፤ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ በአፍንጫው ይዞት ይዞራል። ለሙከራ የሚገዛው አይጥ ግን ንጹሕ ነው። ለዓመታት ሙከራዎቹን ያሳሳተው ይህ ንጽሕና መሆኑ ያስቃልም ያስቆጫልም።

ባዮፊልሙ የት ላይ ይገባል

የቤት ሮቶ ሲታጠብ የውስጥ ግድግዳው በጣት ሲነካ የሚያንሸራትት ስስ ልጋግ አለ። ባዮፊልም ማለት እሱ ነው፤ ባክቴሪያዎች በራሳቸው በሠሩት የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲንና ከሞቱ ሴሎች በወጣ ዲኤንኤ ውስጥ ተጣብቀው የሚኖሩበት ሰፈር። ሮቶውን በውሃ ብቻ ማለቅለቅ እንደማያጸዳው፣ በካቴተር፣ በአጥንት ማሰሪያ ብረት ወይም የደረት አጥንት በሚታሰርበት ሽቦ ላይ የሠፈረን ስታፍ ነፃ ተንሳፋፊውን የሚገድል የአንቲባዮቲክ መጠን አይነካውም። አስፈላጊው መጠን ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ለክትባት ሰው ዋናው ችግር ግን ከአንቲባዮቲኩ ይለያል። በባዮፊልም ውስጥ ያለ ስታፍ ነፃ ሆኖ ሲንሳፈፍ የሚያሳየውን ፊት አያሳይም። ታች ያሉት ሴሎች ኦክስጅንም ምግብም ስለሚያጥራቸው ዕድገታቸው ይዘገያል፣ የሚያወጡት ፕሮቲን ይቀየራል፤ ላይ ያሉት ደግሞ ሌላ ናቸው። በ2011 በጥንቸል የአጥንት ኢንፌክሽን ላይ የተሠራው ሥራ ከባዮፊልም የተመረጡ አራት አንቲጂኖችን (የሰውነት መከላከያ እንዲለያቸው የሚሰጡ የባክቴሪያ ክፍሎችን) በአንድ ላይ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፦ አንዱ አንቲጂን በሁሉም የባዮፊልም ክፍል አይገኝም። ያም ሆኖ በደንብ የሠራው ክትባቱ ከቫንኮማይሲን ጋር ሲጣመር ነበር፤ ክትባቱ ሰፈሩን ሲያፈርስ ተነቅለው የሚንሳፈፉትን መድኃኒቱ ይጨርሳል።

የፋይዘር ባለአራት አንቲጂን ክትባትም የጀርባ አጥንታቸው በብረት በሚታሰር ታካሚዎች ላይ ሲሞከር ቆይቶ፣ ጥቅም እንደማያሳይ በመሃል ግምገማ ታውቆ በ2018 መጨረሻ ቆሟል። ብረት ባለበት ቦታ ሁለተኛው ትልቅ ውድቀት መሆኑ ነው። በአንጻሩ በአውሮፓ በ2009 ለላሞች የተፈቀደው ስታርትቫክ የጡት በሽታ ክትባት ከስታፍ ልጋግ ጋር የተያያዘውን የአንቲጂን ስብስብ በቀጥታ ይዟል። በሦስት መርፌ ይሰጣል፦ ከመውለጃዋ 45 ቀን በፊት፣ ከዚያ በ35 ቀን፣ ከሁለተኛው በ62 ቀን። የከተማ ወተት ላሞችን የሚያይ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ከሰው ሐኪም በፊት ያውቀዋል ማለት ነው።

ቅንጣቱ ምን ይጨምራል፣ ምን አይጨምርም

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መስመር ወይም ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለ ላቦራቶሪ የስታፍ ክትባት በፒኤልጂኤ (በሰውነት ውስጥ በሚፈርስ ፖሊመር) ቅንጣት ውስጥ ለመጫን ለተነሣ ቡድን የቪ710 ትርጉም እንዲህ ነው። ቅንጣቱ የቪ710ን አንድ ጉድለት ሊሞላ ይችላል፣ የቲ ሴሉን። ከ200 ናኖሜትር በታች የሆነ ቅንጣት ራሱ ወደ ሊምፍ ዕጢ ይፈስሳል፤ ከፍ ያለውን መርፌው ያረፈበት ቦታ ያሉ ዴንድሪቲክ ሴሎች (አንቲጂን ለቲ ሴል የሚያሳዩት) ውጠው ያደርሱታል። ሁለቱም መንገዶች ከሟሟ ፕሮቲን የተሻለ የቲ ሴል ምላሽ ያመጣሉ። ሁለተኛውን ጉድለት፣ የተሳሳተ አንቲጂን መምረጥን፣ ቅንጣት አይሞላውም። የማይከላከልን አንቲቦዲ ይበልጥ አብዝቶ ማውጣት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ከቪ710 በኋላ ደግሞ አደጋም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለፖሊመር መዋል የለበትም። ከካቴተርና ከአጥንት ብረት በተገኙ የአካባቢው ናሙናዎች ላይ ባዮፊልሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይቅደም። ሥራው ርካሽ ነው፣ ባለ96 ጉድጓድ ሳህንና ክሪስታል ቫዮሌት ይበቃዋል። የአንድ ሌሊት ባክቴሪያ 1 ለ100 በቲኤስቢ ሾርባ ይቀጥናል፤ በአንድ ወገን 1 በመቶ ግሉኮስ፣ በሌላው 4 በመቶ ጨው ይጨመርበታል። ሁለቱንም ማድረግ ግድ ነው፤ ጨው የስኳር ሰንሰለቱን (ፒኤንኤጂ የሚባለውን) ልጋግ ያጎላል፣ ግሉኮስ ደግሞ በፕሮቲን የተያያዘውን፤ ሜቲሲሊንን የሚቋቋሙት ስታፎች ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። በየጉድጓዱ 200 ማይክሮ ሊትር፣ 37 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት። ከዚያ ከማቅለሙ በፊት አንዱ ረድፍ ስኳሩን በሚሰብር 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ሜታፐርዮዴት፣ ሌላው በ100 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን በሚቆርጥ)፣ ሦስተኛው በዚያው መጠን ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ በሚቆርጥ)፣ አራተኛው በባዶ በፈር ለ2 ሰዓት ይቆያል። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ በሜታኖል 15 ደቂቃ ረግቶ፣ በ0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት 15 ደቂቃ ይቀልማል፤ ቀለሙ በ33 በመቶ አሴቲክ አሲድ ሟሙቶ በ570 ናኖሜትር ይነበባል።

ፕሮቲኔዝ ኬ የሚያራግፈው ባዮፊልም ላይ የፒኤንኤጂ ክትባት መሥራት ከንቱ ድካም ነው፤ ፐርዮዴት የሚያራግፈው ላይ የፕሮቲን አንቲጂን ብቻውን መጫንም እንደዚያው። ፒኤንኤጂ የተመረጠ እንደሆነም አሴታይሉ የተገፈፈው ዓይነት፣ እንደ ቴታነስ ቶክሶይድ ካለ ተሸካሚ ፕሮቲን ጋር የተጣመረ መሆን አለበት፤ ያልተገፈፈው የሚያስወጣው አንቲቦዲ ከባክቴሪያው ጋር ይጣበቃል እንጂ አያስገድልም። አንቲቦዲ ሁሉ እኩል አለመሆኑን በዚህም በኩል ያስታውሳል።

መመዘኛው ከባዶ ሾርባ ጉድጓዶች አማካይ ላይ ሦስት የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ተጨምሮ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ከእሱ 4 እጥፍ የሚያልፍ ጠንካራ ባዮፊልም ሠሪ ይባላል። ለማነጻጸሪያ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ኤቲሲሲ 35984 ጠንካራው፣ ኤቲሲሲ 12228 የማይሠራው ሆነው ይገባሉ። እዚህ ከተማ የሚበዛው ስሕተት የሳህኑ ጠርዝ መድረቅ ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር የውጪዎቹ 36 ጉድጓዶች ይተናሉ፣ ጨውና ስኳራቸው ይወፍራል፣ ባዮፊልማቸው በሐሰት ይገዝፋል። በእነሱ ውስጥ ውሃ ብቻ መሙላትና ኢንኩቤተሩ ውስጥ እርጥብ ፎጣ ያለበት ሣጥን መጠቀም ይፈታዋል።

በ76 ኪሎ ፓስካል መሥራት

አሁን ወደ ቅንጣቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,355 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። ባቄላ ከድሬዳዋ ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየው ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ይኸው ነገር ከባሕር ጠለል አጠገብ የተጻፈን የላቦራቶሪ መመሪያ እንዳለ ለሚከተል ሰው ሦስት ቦታ ላይ ወጥመድ ይሆናል።

አንደኛው አውቶክሌቩ፣ በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው ማሽን፣ ነው። 121 ዲግሪ የሚገኘው በ205 ኪሎ ፓስካል ፍጹም ግፊት ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ በመመሪያው ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ እዚህ 180 ኪሎ ፓስካል ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ይህም 117 ዲግሪ ነው። ትክክለኛው 18.7 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። በሙቀት ዳሳሽ የሚሠራ ማሽን ራሱ ያስተካክላል፤ በግፊት ብቻ የሚሠራው አሮጌው ግን አያስተካክልም። የሙቀት ቴፑ መጥቆሩ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበት ብልቃጥ ነው የሚፈርደው።

ሁለተኛው ዳይክሎሮሜቴን፣ ፖሊመሩ የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ነው። በባሕር ጠለል በ39.6 ዲግሪ የሚፈላው እዚህ በ32 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሶኒኬተሩ (በድምፅ ሞገድ የሚበጠብጠው መሣሪያ) ጫፍ በረዶ ላይ ቢቀመጥም ዙሪያውን ከዚያ በላይ በቀላሉ ያሞቃል፤ ኢመልሽኑ (የማይዋሃዱት ሁለት ፈሳሾች ደቃቅ ድብልቅ) ይንተከተካል፣ አረፋ ያወጣል፣ ፖሊመሩ ያለ ጊዜው ይረጋል፤ የቅንጣቱ መጠን ይበታተናል። መፍትሔው ጨው የተነሰነሰበት በረዶና 5 ሰከንድ አብርቶ 5 ሰከንድ ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ትነቱ ነው፤ እሱ ላይ እንመለሳለን።

አንድ ባች እንዲህ ይሠራል። 100 ሚሊግራም ፒኤልጂኤ 50፡50 በ2 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴን በመስታወት ብልቃጥ ይሟሟል፤ ፖሊስታይሪን ቱቦ ከሆነ ራሱ ቱቦው ይሟሟል። ናይትራይል ጓንትን ይህ ፈሳሽ በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልፈው በድርብ መልበስና የነካውን ወዲያው መቀየር ያስፈልጋል፤ ሥራው ሁሉ በጭስ መሳቢያ ሥር ነው። በፖሊመሩ ክብደት 3 በመቶ ማግኒዝየም ሃይድሮክሳይድ ይታከልበታል፤ ፒኤልጂኤ ሲፈርስ ውስጡ አሲድ ስለሚሆን ፕሮቲኑን እንዳያበላሸው ነው። በላዩ 1 ሚሊግራም አንቲጂን በ0.2 ሚሊ ሊትር በፈር ገብቶ 30 ሰከንድ ይሶኒከታል። የመጀመሪያው ኢመልሽን ወተት መምሰል አለበት፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ከተከፈለ ባቹ አለቀለት፣ መቀጠል ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ 8 ሚሊ ሊትር ባለ2 በመቶ ፒቪኤ (ጠብታዎቹ እንዳይጋጠሙ የሚይዝ ፖሊመር) ተጨምሮ ለ60 ሰከንድ፣ ቀጥሎም 40 ሚሊ ሊትር ባለ0.3 በመቶ ፒቪኤ ውስጥ ፈሶ በማግኔት መማሰያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይተናል። ፒቪኤው ቀድሞ በ80 ዲግሪ ተሟሙቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በ0.22 ማይክሮን የተጣራ ይሁን፤ 90 አልፎ ከሞቀ እዚህ ይፈላና ይገነፍላል።

ሦስተኛው ወጥመድ እዚህ ነው። ቶሎ እንዲተን ወደ 35 ዲግሪ ማሞቅ በሌላ አገር የተለመደ ነው፤ በዚህ ግፊት ግን ማሞቅ ሳይሆን ማፍላት ነው። ዳይክሎሮሜቴኑ በፍንዳታ ሲወጣ ቅንጣቱን ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል፣ አንቲጂኑም በመጀመሪያው ቀን ይፈስሳል። በክፍሉ ሙቀት፣ በ20 ዲግሪ አካባቢ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ብርጭቆው ገርበብ ተደርጎ ቢከደን ይሻላል።

ከዚያ በ4 ዲግሪ በ12,000 ጂ ለ20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ጂ እና የደቂቃ ዙር አይምታቱ፤ ሬዲየሱ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሮተር ላይ 15,000 ዙር ማለት 20,000 ጂ ገደማ ነው፣ በዚያ ኃይል የተጠቀጠቀ ዝቃጭ ደግሞ ተመልሶ አይበተንም። በመጨረሻ በ5 በመቶ ትሬሃሎስ (ስኳር ነው) ተበትኖ፣ በ80 ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ለ48 ሰዓት በቫኪዩም ይደርቃል። የማድረቂያው ግፊት ፍጹም ስለሆነ ከፍታው እዚህ አያገባውም። ትሬሃሎስ የቀረበት ባች ሲደርቅ የሚያምር ነጭ ዱቄት ይሆንና ውሃ ሲነካ ጓል ይሆናል።

ስሌቱን ቀድሞ መሥራት ይጠቅማል። 1 ሚሊግራም አንቲጂን በ100 ሚሊግራም ፖሊመር ቢበዛ በሚሊግራም 10 ማይክሮግራም ነው፤ ግማሹ ቢያዝ 5። ለአንድ አይጥ 10 ማይክሮግራም ለመስጠት 2 ሚሊግራም ቅንጣት ይጠይቃል፤ የቪ710ን 60 ማይክሮግራም ለመስጠት ደግሞ 12 ሚሊግራም። ከባቹ 70 ሚሊግራም ቢተርፍ፣ ለምርመራ የሚሄደው ሳይቀነስ፣ 35 የአይጥ መርፌ ነው፤ አምስት ቡድን ያለው ሙከራ በአንድ ባች አይሸፈንም።

የተጫነውን ለመለካት 5 ሚሊግራም ቅንጣት በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከትንሽ ኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል) ጋር ሌሊቱን ፈርሶ በቢሲኤ የፕሮቲን መለኪያ ይነበባል፤ ባዶው ማነጻጸሪያም በዚያው መንገድ የፈረሰ ባዶ ቅንጣት ይሁን። ቢሲኤ ግን ፕሮቲን መኖሩን እንጂ ቅርጹ መትረፉን አይናገርም። ከቅንጣቱ በራሱ ጊዜ የሚወጣውን ሰብስቦ በጄልና በኤላይዛ ማየት የግድ ነው።

ኢንዶቶክሲን፣ አይጥና መብራት

አንቲጂኑ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ከተመረተ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያውን ግድግዳ መርዝ) ይዞ ይመጣል። ከቅንጣት ጋር ሲጣመር ግሩም አድጁቫንት (የክትባትን ምላሽ የሚያጎላ) ስለሆነ ውጤቱን ያሳምራል፤ ቡድኑ ስለ ቅንጣቱ ጥሩነት ሲጽፍ የሚያወድሰው ቆሻሻውን ይሆናል። ፕሮቲኑን በትራይተን ኤክስ 114 ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ የመስታወት ዕቃን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማቆየትና በኤልኤኤል የኢንዶቶክሲን ምርመራ መለካት ያስፈልጋል። አውቶክሌቭ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ኢንዶቶክሲኑን ግን ይተወዋል። የተጠናቀቀው ቅንጣት ደግሞ አውቶክሌቭ አይገባም፤ 300 ናኖሜትር ከሆነም በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ አያልፍም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ንጹሕ አድርጎ ከመሥራት ሌላ በር የለም።

የአይጥ ሙከራው አምስት ቡድን ይፈልጋል፦ በፈር፣ ባዶ ቅንጣት፣ አንቲጂን በአሉም (በተለመደው የአሉሚኒየም ጨው አድጁቫንት)፣ አንቲጂን የተጫነበት ቅንጣት፣ እንዲሁም አንቲጂንና ባዶ ቅንጣት ሳይጫኑ የተቀላቀሉ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ መጫኑ ራሱ ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚለየው ግን እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ይህ አምስት ቡድን በሙሉ ይደገማል፤ አንዱ ወገን በንጹሕ አይጥ፣ ሌላው ከመከተቡ ሳምንታት በፊት በማይገድል የስታፍ መጠን አስቀድሞ በተነካ አይጥ። ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም ስለ ቁጥሩ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ቪ710 ነው፤ በንጹሕ አይጥ ብቻ ያለፈ ክትባት 4,000 ያህል ሰው ክንድ ላይ ደርሷል።

የሚቆጠረውም አንቲቦዲ ብቻ አይሁን። ከቆዳ ሥር የ1 ሴንቲ ሜትር ካቴተር ቁራጭ ገብቶ በስታፍ ከተነካ በኋላ ወጥቶ፣ በሶኒኬተር ገንዳ ለ5 ደቂቃ ተራግፎ ባክቴሪያው ይቆጠራል። ከጣፊያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 17ኤ እና ኢንተርፌሮን ጋማ ይለካሉ። ከየቡድኑ ግማሹ፣ የተከተበውም ያልተከተበውም፣ ቫንኮማይሲን ቢወስድ፣ ክትባቱ ባዮፊልሙን ለመድኃኒት መክፈቱ ወይም አለመክፈቱ ይለያል። በዚህ ሁሉ ውስጥ በስታፍ ከተነኩት የተከተቡት ካልተከተቡት ቶሎ ከሞቱ ወይም ክብደታቸው ይበልጥ ከወረደ ያ አንቲጂን እዚያው ይቆማል፣ የኤላይዛው ቁጥር የፈለገውን ያህል ቢያምር።

የደረቀው ቅንጣት ከሲሊካ ጄል ጋር በታሸገ ብልቃጥ በ20 ከዜሮ በታች ይቀመጣል። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሲሞቅ ፒኤልጂኤውን የሚጎዳው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ደረቁ ፖሊመር እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ጸንቶ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ ግን ከዚያ በታች ይለሰልሳል። ስለዚህ ብልቃጡ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሳይደርስ አይከፈት፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተከፈተ የክፍሉ አየር እላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከረጅም መጥፋት በኋላ አንድ ብልቃጥ ተበትኖ መጠኑ ይለካ፤ ከመድረቁ በፊት ከነበረው 1.3 እጥፍ ካለፈ ባቹ ለአይጥ አይሰጥም።